«ከወንጀል ነፃ» የምትለዋ ወረቀት

ካዛንቺስ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል። አንዱ ተያዥ ነው። ሌላው «ከወንጀል ነፃ» የምትባለዋ የፖሊስ ወረቀት ናት። ሆቴሉ ለአስተናጋጁ፣ የጥበቃ ድርጅቱ ለዘበኛው፣ ባንኩ ለገንዘብ ከፋዩ፣ ኤምባሲው ለሾፌሩ፣ ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ኤጀንሲ ለተጓዧ ልጅ ይችኑ ወረቀት ይጠይቃል። ተያዥ በዘመድ ይፈለጋል፣ በጎረቤት ይለመናል። ወረቀቷ ግን ልመና አታውቅም። አመልካቹ የአሥር ጣቱን አሻራ ይሰጣል፤ አሻራው ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ከዚያ ወይ አልተገኘበትም ይባላል፣ ወይ ተገኝቶበታል።

ይህ ዳሰሳ ተገኝቶበታል ስለሚባለው ሰው ነው፤ ይልቁንም አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ያውም በከባድ ወንጀል ተጠርጥሮ ስለተያዘው። ሕጋችን ለዚህ ሰው ምን በር ከፍቶለታል? ጥያቄውን ሳገላብጠው ያገኘሁት መልስ አስደንግጦኛልና አስቀድሜ ልናገረው። ወንጀል ሠርቶ፣ ተፈርዶበት፣ ቅጣቱን ለጨረሰ ሰው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ስሙን የሚያስመልስበት መንገድ በቁጥርና በአንቀጽ አስቀምጦለታል። ተይዞ፣ ታስሮ፣ ምንም ሳይፈረድበት ለተለቀቀ ሰው ግን ይኸው ሕግ እንዲህ ያለ ምዕራፍ የለውም።

መጀመሪያ ግን ቃሉን እናጥራ። ሰፈር ውስጥ «እሱ እኮ ሪከርድ አለበት» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ይታሰራሉ። መያዝ አለ፤ መከሰስ አለ፤ ጥፋተኛ መባል አለ። መያዝ የፖሊስ ጥርጣሬ ነው። መከሰስ የዐቃቤ ሕግ እምነት ነው። ጥፋተኛ ማለት የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ ሁሉ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ቀጣሪው ጠረጴዛ ላይ ሦስቱ ነገሮች ተለይተው አይቀርቡም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ የካዛንቺስ ልጅ በሐሳባችን እንያዝ። በ19 ዓመቱ ሰፈር ውስጥ ጠብ ተነሥቶ ሰው ቆሰለ፤ ከከባድ የአካል ጉዳት ጋር በተያያዘ ተጠርጥሮ ስድስተኛ ፖሊስ ጣቢያ ታሰረ። ማስረጃ ስላልተገኘ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 42 ዘጋው። በ23 ዓመቱ በውንብድና ተከሰሰ፤ ምስክሮቹ ተሰሙ፤ የሚያስከላክል ነገር የለም ተብሎ በቁጥር 141 ሳይከላከል በነፃ ተሰናበተ። በ27 ዓመቱ ደግሞ በአፈሳ ተይዞ ከከተማ ውጭ ሰነበተና ያለ ክስ ተለቀቀ። ሦስት እስር አለ፣ አንድም የጥፋተኝነት ፍርድ ግን የለም። ይህ ልጅ ነገ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ሕጉ ደጋጋሚ ሊለው አይችልም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 ደጋጋሚነትን የሚቆጥረው በፍርድ እንጂ በመያዝ አይደለም። እንዲያውም ቅጣት ቢጣልበት ጠበቃው ተነሥቶ «ከዚህ በፊት የወንጀል ሪከርድ የሌለበት በመሆኑ ቅጣቱ ይቅለልለት» የማለት ሙሉ መብት አለው። ሰፈሩ ግን ሦስት ጊዜ የታሰረ ልጅ ነው የሚያውቀው። ቀጣሪውም ሦስቱን ይሰማል።

አሁን ለተፈረደበት ሰው የተከፈተውን በር እንይ። በሩ ያረጀ ቢሆንም የተሠራበት አሳብ የከበረ ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። በአውሮፓ ሕግጋት ውስጥ የነበረውን፣ የተቀጣ ሰው ወደ ቀድሞ ማንነቱ የሚመለስበትን ሥርዓት ወደኛ አመጡት። አሁን የምንሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414፣ ይህንኑ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ይዞታል። ስሙ «መሰየም» ነው። ካፌ ተቀምጦ መሰየም የሚል ቃል የሚሰማ ሰው ኮሚቴ ወይም ሹመት ነው የሚመጣበት። በሕጉ ቋንቋ ግን ፍርድ የነጠቀውን ስም መልሶ መስጠት ነው። ቃሉን የመረጡት ሰዎች ያሰቡበት ይመስለኛል፤ ስም የተወሰደበትን ሰው እንደገና በስሙ መጥራት ከዚህ በተሻለ በምን ይገለጻል?

ሁኔታዎቹ ከባድ አይደሉም። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ያነሰ ቅጣት የደረሰበት ደግሞ ሁለት ዓመት ማለፍ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ መልካም ጠባይ ማሳየት፣ አዲስ ጥፋት አለመሥራት፣ የተወሰነበትን ካሣም እንደ አቅሙ መክፈል ይጠበቅበታል። (ጽኑ እስራት በእኛ ሕግ ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነው፤ ቀላል እስራት በመደበኛው ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት። ሌሎች አገሮች ከባድና ቀላል ወንጀል ብለው በስም የሚለዩትን እኛ የምንለየው በቅጣቱ ዓይነት ነው።) እነዚህን ያሟላ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ከተፈቀደለት የተነጠቀው መብት ይመለስለታል፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የተሰየመን ሰው በድሮ ጥፋቱ ማንም እንዳይነቅፈው ሕጉ ይከለክላል። «እውነቱን ነው የተናገርኩት» ማለትም አያድንም፤ ነገሩ ስም ማጥፋት ይሆናል። እውነት ሆኖ ሳለ እንዳይነገር ሕግ የሚከለክለው ነገር ጥቂት ነው። ሕግ አውጭው እዚህ ላይ ከእውነቱ ይልቅ የሰውየውን ነገ መረጠ። መልካም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል በሚል ሕዝብ መካከል ይህ ድንጋጌ ከስዊስ የመጣ እንግዳ ሆኖ አይሰማኝም።

ታዲያ ስንቱ ይጠቀምበታል? ሰዎች ቅጣታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ማረሚያ ቤቱ የሚሰጣቸው የመፈቻ ወረቀት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰህ ማመልከት ትችላለህ ብሎ የሚያስታውስ ቀጠሮ በሕጉ ውስጥ የለም። ጠያቂው ራሱ መሆን አለበት። ለመጠየቅ ማወቅ፣ ለማወቅ ጠበቃ፣ ለጠበቃ ገንዘብ፣ ለገንዘብ ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራውን የከለከለችው ደግሞ ያችው ወረቀት ናት።

በሕዝቡ ዘንድ ብዙ ግራ መጋባት የሚፈጥሩ ሌሎች ሁለት ቃላት አሉ፤ ይቅርታና ምሕረት። በየበዓሉ «ይህን ያህል ታራሚ በይቅርታ ተለቀቀ» ሲባል ቤተሰብ እልል ይላል፤ ሪከርዱም አብሮ የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል እንጂ ፍርዱ ከመዝገብ አይወጣም፤ ሌሎች ውጤቶቹም ይቀጥላሉ። የይቅርታ አሰጣጥ አዋጅ ቁጥር 840/2006ም ይቅርታ በሁኔታ ሊሰጥ፣ ሁኔታው ሲፈርስም ሊሰረዝ እንደሚችል ያስባል። ምሕረት ግን፣ አንቀጽ 230 እንደሚለው፣ ፍርዱን እንዳልነበረ ያደርገዋል፤ ከመዝገብም ያስፍቀዋል።

በይቅርታና በንጽሕና መካከል ያለውን ርቀት ከወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ በላይ የኖረው ሰው ያለ አይመስለኝም። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በ1998 ከሌሎች የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ በ1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸውና በዚያው ሰሞን በይቅርታ ወጡ። ስለ ይቅርታው በተናገሩት ንግግር ሰበብ በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተሰርዞ ተመልሰው ገቡ፤ እስከ መስከረም 2003 ድረስም እስር ቤት ቆዩ። በኅዳር 2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ሁለት ጊዜ የታሰረች፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደባት ሴት የአገሪቱን የምርጫ ሳጥን እንድትጠብቅ አደራ ተሰጣት፤ መልካም ተደረገ። ያው አገር በሰላሳ ዓመቱ የሆቴል ዘበኛ ልሁን የሚለውን ልጅ በአንድ የተዘጋ መዝገብ ምክንያት ይመልሰዋል።

ምሕረቱ በሰፊው የተሠራበት በ2010 ነው። የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096/2010 በአገር ክህደት፣ በሕገ መንግሥቱ ላይ በሚደረግ ወንጀልና በመሰል ክሶች የተጠረጠሩትን፣ የተከሰሱትንና የተፈረደባቸውን በአንድነት አቀፈ። ስድስት ወር ጊዜ ሰጠ፤ ጊዜው ሲያልቅ፣ በጥር 2011፣ ከ13,000 በላይ ሰዎች ተጠቃሚ መሆናቸው ተነገረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ። ያ አዋጅ የተፈረደበትን ብቻ ሳይሆን የተጠረጠረውንም አስቦ ነበር። ይቻላል ማለት ነው። ለፖለቲካው ተችሏል፤ በሞባይል ስርቆት ተጠርጥሮ በነፃ ለወጣው ግን ማንም አላሰበለትም።

ወደ ዋናው ቁስል ልመለስ። ሳይፈረድባቸው የታሰሩት ስንቶች ናቸው? አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ቁጥር ሳይጠይቅ ያውቃል። ከምርጫ 97 በኋላ በሰኔና በጥቅምት በተነሡት ግጭቶች ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ፤ የታሰሩት ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ከየሰፈሩ ታፍሰው ዴዴሳ፣ ዝዋይ፣ ሸዋሮቢት ተወሰዱ። በዚያን ጊዜ እጅግ የተለመደው ቃል «አደገኛ ቦዘኔ» ነበር፤ ለዚህም አዋጅ ቁጥር 384/1996 ወጥቶ ነበር። ሥራ የሌለው ወጣት ሥራ ስለሌለው ይያዛል፤ ስለተያዘ ደግሞ ሥራ አያገኝም። በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በአዋሽና በሌሎች ማዕከሎች «ተሐድሶ» ተሰጥቷቸው «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ተሸኙ። በመስከረም 2011፣ ሁላችን ተስፋ ላይ በነበርንበት ወር፣ 1,200 ያህል የአዲስ አበባ ወጣቶች ጦላይ ወታደራዊ ካምፕ ተወስደው አንድ ወር ያህል ቆይተው ተመለሱ። ከጥቅምት 2014 ጀምሮ ለወራት በቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ብዙ ሰው በጥርጣሬ ታስሮ ያለ ክስ ተለቋል።

የእነዚህ ሰዎች እስር በምን ስም ይጠራ? ክስ የለምና መዝገብ አልተዘጋም። ፍርድ የለምና ይግባኝ አይባልበትም። ቅጣት የለምና ይቅርታ አይጠየቅበትም። መሰየም የሚለው ምዕራፍ የሚጀምረው «የተፈረደበት» ከሚል ቃል ስለሆነ እዚያም ቦታ የላቸውም።

እስሩ በመደበኛው መንገድ ሲሆንም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 ፍርድ ቤት ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን ወሰን የለውም። አሁን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንቀጽ 18 ከጎኑ አስቀምጡት። ሠራተኛ ሲታሰር የሥራ ውሉ ታግዶ የሚቆየው እስሩ ከ30 ቀን ያልበለጠ እንደሆነ ነው፤ አሠሪውም በ10 ቀን ውስጥ ሊነገረው ይገባል። ሁለት ቀጠሮ 28 ቀን ነው። ሦስት ቀጠሮ 42 ቀን። በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ፣ ምርመራው ሳያልቅ፣ ማንም ሳይከሰው፣ ሕጉ ለሥራው የሰጠው ጥበቃ ያልቃል። ዐቃቤ ሕጉ በአርባ ሦስተኛው ቀን መዝገቡን ቢዘጋለት ነፃነቱን መለሰለት እንጂ ደመወዙን አልመለሰለትም። ይህን ሦስት ጊዜ ያየ ሰው የሥራ ታሪኩ ምን እንደሚመስል አስቡት። ቀጣሪው «እዚህ ጋ ለምን ተቋረጠ?» ሲለው ምን ይበል?

ሌላም መዝገብ አለ፤ ፍርድ ቤት የማይሰርዘው። በ2004 «አኬልዳማ»፣ በ2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባሉ፣ ተጠርጣሪዎችን የሚያሳዩ ዝግጅቶች በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲተላለፉ የሰዎቹ ጉዳይ ገና አላለቀም ነበር። ዛሬም በየመግለጫው እጃቸውን የታሰሩ ወጣቶች ፊታቸው ሳይሸፈን ይታያል፤ ምስሉ ስልክ ለስልክ ይዞራል። ከዓመት በኋላ በነፃ ሲሰናበቱ ያንን የሚዘግብ ካሜራ የለም። ፖሊስም ሆነ ሚዲያ ተጠርጣሪን ከፍርድ በፊት ፊቱን ባያሳይ ግማሹ ችግር ሳይፈጠር ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃ እንዲታረም ወይም እንዲጠፋ የመጠየቅ መብትን ወደ ሕጋችን አምጥቷል። ጠበቆች ይህን አዋጅ ለታሳሪ መዝገብ ሊፈትኑት ይገባል።

ካዛንቺስን የመረጥኩት ስለማውቀው ብቻ አይደለም። ስሙን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ያገኘው ይህ ሰፈር፣ በአንድ በኩል የአፍሪካ አዳራሽንና ትላልቆቹን ሆቴሎች፣ በሌላ በኩል የቀበሌ ቤቶችን፣ ጠላ ቤቶችንና ጠባብ መንገዶችን ለረጅም ዘመን አብሮ ይዞ ኖሯል። ሥራውም እስሩም እዚያው ነበር። በሐሳባችን የያዝነው ልጅ የታሰረበትን ጣቢያ፣ የቀረበበትን የቂርቆስ ምድብ ችሎት፣ ሥራ የጠየቀበትን ሆቴል በእግሩ ያዳርሰው ነበር። ምስክሮቹም እዚያው ነበሩ፤ የዕድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባቱ፣ ዳቦ በዱቤ የምትሰጠው ባለ ሱቅ።

በ2017 መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ አሮጌው ክፍል ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። ብዙዎች የተሻለ ቤት አግኝተዋል፤ ይህን አልክድም። ግን ሕጉ ለመሰየም «መልካም ጠባይ» ይጠይቃል። አምስት ዓመት በጨዋነት የኖረን ሰው ጨዋነት ማን ይመስክር? ወረዳው ተቀይሯል፤ ዕድሩ ፈርሶ ወይ ተከፍሎ ይሆናል፤ ጎረቤት የነበረው ሰው አሁን አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ ፎቅ ላይ ነው። አዲሱ ጎረቤት የሚያውቀው የቅርብ ጊዜ ሰው ነው። በከተማ ልማት ዕቅድ ውስጥ የካሣ ሠንጠረዥ አለ፤ ስለ ሰው ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች መበተን ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም። ስለዚህ ፍርድ ቤቶች በዚህ ጉዳይ የሚቀበሉትን ማስረጃ ሰፋ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። የተበተነ ዕድር የድሮ አባላት ቃል፣ የቀድሞ አሠሪ ደብዳቤ፣ የደብሩ ምስክርነት፣ የመስጊዱ ምስክርነት በቂ መሆን አለበት።

የውጭውን ልምድ በአጭሩ ልንካው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ሕግ አንዳንድ ቅጣቶች ጊዜያቸው ሲያልፍ ያለ ማመልከቻ «ያለቁ» ይሆናሉ፤ ሰውየው ሲጠየቅ አለመናገር ይችላል። በአሜሪካ ነገሩ እንደየግዛቱ ነው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ኤክስፐንጅመንት» የሚሉት፣ ሪከርድን ማሸግ ወይም ማስፋቅ፣ በየቦታው የተለየ ሁኔታ አለው። ነገር ግን ያልተፈረደበት እስር ከተፈረደበት በቀለለ መንገድ መታሸጉ የተለመደ ነው። ይህ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትክክለኛው አቅጣጫም እሱ ነው።

ከሚሺጋን ግዛት የተገኘ ጥናት ለእኛ በጣም ይጠቅማል። ፕሬስኮትና ስታር የተባሉ የሕግ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ ሪከርዳቸውን ማስፋቅ ከሚችሉት ሰዎች መካከል ብቁ በሆኑ በአምስት ዓመት ውስጥ ያስፋቁት 6.5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የተቀሩት አለማወቅ፣ ወጪ፣ የቢሮ ምልልስ፣ ፍርሃት ያዛቸው። ያስፋቁት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ አደገ፤ ወደ ወንጀል የተመለሱትም እጅግ ጥቂት ነበሩ። ፔንሲልቬንያ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ቀጥላም ሚሺጋን ራሷ፣ ሰው ሳያመለክት ኮምፒውተር ራሱ ጊዜውን ቆጥሮ የሚያሽግበትን ሕግ አወጡ። በጠበቃ በምትጨናነቅ አገር መቶ ከሚሆኑት ሰባት ያህል ሰው ብቻ ሪከርዱን ካስፋቀ፣ የእኛ መሰየም የማን ቤት ሊደርስ ይችላል?

ለውጭ አገር ተጓዦች ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚህ የተሰየመ፣ ምሕረት ያገኘ፣ በነፃ የተሰናበተ ሰው የአሜሪካ ቪዛ ቅጽ ሲሞላ ታስረህ ታውቃለህ ወይም ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ፣ ይቅርታ ወይም ምሕረት ቢደረግልህም እንኳ ተብሎ ይጠየቃል። እዚያ «የለም» ብሎ መዋሸት ከእስሩ የባሰ መዘዝ ያመጣል። በአሜሪካ የሚኖሩትም በግዛት ፍርድ ቤት ያስፋቁት ጥፋት በኢሚግሬሽን ሕግ ፊት እንዳለ ሊቆጠር እንደሚችል ይወቁ፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

የሚቃወሙኝን ሰዎች አሳብ አልንቅም። «ልጄን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዘበኛው ሕፃን የደፈረ ሰው አለመሆኑን ማወቅ የለብኝም ወይ?» ይላሉ። አለባቸው። በሕፃናትና በሴቶች ላይ የተፈጸመ ከባድ ጥቃት ተፈርዶበት ከሆነ፣ ከሕፃናት ጋር ለሚያገናኝ ሥራ መዝገቡ መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ተበዳይዋ አለችና። ባንክም በማጭበርበር የተፈረደበትን ሰው ካዝና ላይ አላስቀምጥም ቢል አልፈርድበትም፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም በእምነት ማጉደል፣ በስርቆትና በማጭበርበር የተፈረደበትን ሲከለክል ቆይቷል። ይህ ሁሉ ግን ስለ ፍርድ ነው። ፍርድ የሌለበትን እስር ለቀጣሪ ማሳየት ማንን ይጠብቃል? «እሳት በሌለበት ጭስ የለም» የሚሉ አሉ። እኛ አገር ግን ጭሱ ሲነሣ ያየነው ብዙ ጊዜ ሙሉ ሰፈር ሲታፈስ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ፍትሕ ሚኒስቴር በቁጥር 42 የዘጋውን፣ ክሱን ያነሣበትን መዝገብ፣ ፍርድ ቤትም በነፃ ያሰናበተበትን ውሳኔ ሰው ሳያመለክት ለፖሊስ የአሻራ ክፍል ያስተላልፍ፤ ፖሊስም መረጃውን ለቀጣሪ ከሚሰጠው ማስረጃ ያውጣው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመሰየም ምዕራፍ ላይ ስለ ተጠረጠረና በነፃ ስለተለቀቀ ሰው አንድ አንቀጽ ይጨምር። ያለ ክስ በካምፕ ለቆዩት ሁሉ ምንም እንዳልተፈረደባቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጥ። ማረሚያ ቤቶች ከመፈቻው ጋር «በዚህ ዓመት ለመሰየም ማመልከት ትችላለህ» የሚል ቀን ጽፈው ይስጡ።

ይህ እስኪሆን ድረስ ለአንባቢ የምለው ይህን ነው። መዝገብህ ሲዘጋ በቃል «ሂድ» ከተባልክ አትሂድ፤ የተዘጋበትን ትእዛዝ ወይም በነፃ የተሰናበትክበትን ውሳኔ ግልባጭ ማኅተም አስደርገህ ውሰድ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ጻፈው። ሁለት ኮፒ አድርገህ አንዱን ለእናትህ ስጣት። ተፈርዶብህ ከነበረና ጽኑ እስራቱን ከጨረስክ አምስት ዓመት፣ ቀላል እስራት ከነበረ ሁለት ዓመት ካለፈህ ፍርድ ቤት ሄደህ በወንጀል ሕግ አንቀጽ 232 መሠረት ልሰየም ብለህ አመልክት። ከካዛንቺስ የወጣችሁም የዕድራችሁን መዝገብ አትጣሉት፤ አንዱ ልጃችሁ ምስክርነታችሁን ፈልጎ ይመጣል።